እድፉ ይልቀቅ፣ ጨርቁ ይትረፍ

ከካይሮ በስተ ሰሜን ምዕራብ ዋዲ ናትሩን የሚባል ዝቅተኛ ሸለቆ አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አንባቢ ቦታውን በሌላ ስሙ ያውቀዋል፤ ገዳመ አስቄጥስ፣ የአባ መቃርስ በረሃ ነው። መነኮሳቱ ከመግባታቸው እጅግ አስቀድሞ ግን ሸለቆው የታወቀው በጨው ነበር። የበጋ ፀሐይ ሐይቆቹን ሲመጣቸው ዳር ዳሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይቀራል። ናትሮን ይሉታል፤ በአብዛኛው ሶዲየም ካርቦኔትና ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። የጥንት ግብፃውያን በዚህ ጨው የሙታንን አስከሬን ያደርቁበት፣ በዚሁ ጨው የሕያዋንን የተልባ እግር ልብስ ያጥቡበት ነበር።

ቅባት ከውኃ ጋር ስለማይስማማ በውኃ ብቻ ታጥቦ አይለቅም። እንደ ናትሮን ያለ አልካሊ ሲያገኘው ግን ከፊሉ ወደ ሳሙናነት ይቀየርና ከውኃው ጋር ይሄዳል። ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። አልካሊው ከበረታ ሱፍና ሐር ይበላል፤ ቀለም ያደበዝዛል። በእድፍ ላይ የሚጨክን ነገር በጨርቅም ላይ ይጨክናል። የእጥበትን ታሪክ ከጥንት እስከ ዛሬ ስከታተለው ያሳመነኝ አንድ ነገር አለ፦ ከእድፍ ይልቅ ብዙ ጨርቅ የጨረሰው ችኮላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እድፉ ይታገሥ ነበር፤ ያልታገሠው ሰው ነው።

ሥራው ራሱ ክብር የተነፈገው ነበር። በግብፅ መካከለኛው መንግሥት ዘመን የተጻፈ አንድ ድርሰት አለ፤ አባት ልጁን ጸሐፊ እንዲሆን እየመከረ የሌላውን ሙያ ሁሉ መከራ ይዘረዝርለታል። ልብስ አጣቢውን የገለጸው በወንዝ ዳር ከአዞ ጎረቤት ሆኖ የሚውል ሰው አድርጎ ነው። ቤተ መንግሥቱና ቤተ መቅደሱ ያለ ነጭ ልብስ አይሆንላቸውም፤ ነጩን የሚያነጣው ግን አዞ አጠገብ ነው። ይህ አድልዎ በሚከተሉት ዘመናት ሁሉ አብሮን ይጓዛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮማውያን ጉዳዩን ወደ ከተማ አመጡት። ልብስ አጣቢው ፉሎ ይባል ነበር፤ የሚያጥበው በዋናነት የሱፍ ቶጋ ነው። ሱፍ ብርቱ አልካሊ ስለማይችል የቆየ ሽንት መረጡለት። ሽንት ሲሰነብት አሞኒያ ያመነጫል፤ አሞኒያ ቅባቱን ይፈታና ኋላ ራሱ በንኖ ይጠፋል። ሠራተኞቹ ገንዳ ውስጥ ቆመው ልብሱን በእግራቸው ይረግጡታል። ከ69 እስከ 79 የገዛው ቬስፓስያን ከዚህ ሽንት ላይ ሳይቀር ግብር ጣለ። በ79 ቬሱቪየስ ፈንድቶ ፖምፔይን ሲቀብር የእጥበት ቤቶቹ ከነገንዳቸው ተቀበሩ፤ ከአንደኛው ቤት ዓምድ የተነሣው ሥዕል ዛሬ በኔፕልስ ሙዚየም ይታያል። አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው ይቦርሻል፣ ሦስተኛው ልብስ ተወጥሮበት ድኝ የሚታጠንበትን የዘንግ ቅርጫት ተሸክሞ ይሄዳል።

በዚያው ፍንዳታ የሞተው ፕሊኒ በተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ የሥራውን ቅደም ተከተል ትቶልናል። መጀመሪያ ልብሱ የሰርዲኒያ አፈር በሚባል ቅባት መጣጭ ሸክላ ይታጠባል፤ ቀጥሎ በድኝ ጭስ ይታጠናል፤ በመጨረሻ ቀለሙ እውነተኛ ከሆነ ኪሞሎስ ከምትባል ደሴት በሚመጣ አፈር ይታሻል። ሐሰተኛ ቀለም በድኙ ይጠቁራል ይላል። ይህን ቅደም ተከተል የሚያዝ ሕግ ሮም ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ220 ገደማ ወጥቶ እንደነበርም ጽፏል። አንድ መንግሥት የልብስ እጥበትን ተራ በሕግ እስከመወሰን መድረሱ ያስደንቀኛል፤ ነገር ግን ምክንያት ነበራቸው። የአፈሩ ዓይነትና ተራው ከተዛባ የሰው ንብረት ይጠፋል።

ከሮም በኋላ በሜዲትራንያን ዙሪያ የወይራ ዘይት ሳሙና ነገሠ። ሐለብ፣ ናብሉስ፣ ኋላም የስፔኗ ካስቲያ በሳሙናቸው ስም አተረፉ። የወይራ ሳሙና ከአመድ ውኃ እጅግ የለዘበ ነው፤ ዋጋው ግን ለሁሉ የሚደረስ አልነበረም። በሰሜን አውሮፓ አብዛኛው ቤት በአመድ ውኃ ማጠቡን ቀጠለ።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው መጽሐፍ ይመጣል። በ1393 ገደማ በፓሪስ ስሙን ያልገለጸ አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ፣ የ15 ዓመት ልጅ ሳለች ላገባት ሚስቱ የቤት አያያዝ መጽሐፍ ጻፈ። ከጸሎትና ከወጥ አሠራር ጋር የእድፍ ምክርም አለበት። ቀሚስ ላይ ዘይት ወይም ሌላ ቅባት ከነካ፣ ሽንት ለብ አድርገሽ ቦታውን ሁለት ቀን ዘፍዝፊው፤ ከዚያ ጨርቁን ሳትጠመዝዢ ጨምቂው ይላታል። ካልለቀቀ የቤቱ ኃላፊ አኜስ የበሬ ሐሞት በተመታበት ሌላ ሽንት ትድገመው። ለሐርና ለሳቲን ደግሞ ካልበሰለ ወይን የተጨመቀ ጎምዛዛ ጭማቂ ያዝላታል።

ያቺ «ሳትጠመዝዢ» የምትል ማስጠንቀቂያ ለእኔ የመጽሐፉ ወርቅ ናት። እርጥብ ሱፍና እርጥብ ሐር ከደረቁ ይልቅ ደካሞች ናቸው፤ ሲጠመዘዙ ክራቸው ይበጠሳል፣ ይንሻፈፋል። ሰውየው ኬሚስት አልነበረም፤ ከእሱ በፊት ያሉ ሴቶች እጃቸው ያወቀውን ነው የመዘገበው። ሐሞቱም ከንቱ አጉል እምነት አይደለም። ሐሞት ሆድ ውስጥ የበላነውን ስብ የሚፈታው በተፈጥሮው ቅባትንና ውኃን ስለሚያስታርቅ ነው፤ ጨርቅ ላይም ያንኑ ሥራ ይሠራል። በጀርመን የሐሞት ሳሙና ዛሬም ሱቅ ላይ ይሸጣል።

ማተሚያ ከመጣ በኋላ ይህ እውቀት ከጓዳ ወጣ። በ1532 ማይንትስ ከተማ ውስጥ ፔተር ዮርዳን የሚባል አታሚ ከሱፍ፣ ከከፋይ፣ ከሐርና ከወርቅ ዘቦ ላይ እድፍ ስለማስለቀቅ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። በ1583 ለንደን ላይ ሌናርድ ማስካል በእንግሊዝኛ የራሱን አሳተመ። ሁለቱም ትንንሽ መጻሕፍት ናቸው፤ ቁም ነገራቸው ግን ትልቅ ነው። ለቀለም፣ ለወይን፣ ለቅባት፣ ለሰም አንድ መድኃኒት የለም፤ ምን እንደፈሰሰና ምን ላይ እንደፈሰሰ ሳይታወቅ እጅ አይነሣም።

ትዕግሥት ከሁሉ በላይ የከበረበት ቦታ በ17ኛው መቶ ዘመን የሆላንዷ ሃርለም ነበረች። ከጀርመንና ከስኮትላንድ ሳይቀር ያልነጣ የተልባ እግር ጨርቅ በመርከብ ወደዚያ ይላክ ነበር፤ አንሶላ፣ የገበታ ጨርቅ፣ ሸሚዝ የሚሆን። ጨርቁ በአመድ ውኃ ይቀቀላል፤ ከዚያ ሣር ላይ ተዘርግቶ ሌት ተቀን ውኃ ይረጭበታል። ፀሐይ፣ እርጥበትና አየር ተባብረው ቀለሙን ቀስ በቀስ ያፈዝዙታል። ቀጥሎ በአሬራ ይዘፈዘፋል፤ የአሬራው ኮምጣጣነት የቀረውን አልካሊ ይገድላል። በሳሙና ይታሻል፤ እንደገና ወደ አመድ፣ እንደገና ወደ ሣር፣ እንደገና ወደ አሬራ። አንድ ጥቅል ጨርቅ ከጸደይ እስከ መኸር ወራትን ይፈጅ ነበር። ሠዓሊው ያኮብ ቫን ራይስዳል በ1670ዎቹ የሃርለምን ከተማ ሲሥል ከሰማዩ በታች፣ ሜዳው ላይ ረጃጅም ነጭ ጨርቆች ተዘርግተው ይታያሉ። ደብረ ብርሃን መንገድ ዳር ወንዝ ላይ ነጠላና ጋቢ ሣር ላይ ተሰጥቶ ያየ ሰው ሥዕሉን ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም።

ሜዳ ላይ የሚያድር ጨርቅ ሌባ ይጠራል። በብሪታንያ በ18ኛው መቶ ዘመን ከማንጫ ሜዳ ላይ ጨርቅ የሰረቀ በሞት የሚቀጣበት ሕግ ነበር፤ የተሻረው በ1811 ነው። አንድ ነጭ አንሶላ የሰው ነፍስ ያህል የተገመተበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ችኮላው መጣ። ፋብሪካዎች ፈትልና ሸማ በፍጥነት ሲያመርቱ የሃርለም ዓይነት ማንጫ ማነቆ ሆነ፤ ያን ሁሉ ጨርቅ ለወራት የሚያስዘረጋ ሜዳ ከየት ይምጣ? በ1756 የኤድንብራው ሐኪም ፍራንሲስ ሆም በአሬራ ፋንታ በውኃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ መጠቀም እንደሚቻል አሳተመ፤ ሳምንታት የሚፈጀው ማኮምጠጥ ከአንድ ቀን በታች ወረደ። በ1774 ስዊድናዊው መድኃኒት ቀማሚ ካርል ሼሌ ዛሬ ክሎሪን የምንለውን አረንጓዴ ቢጫ ጋዝ አገኘ፤ ቅጠልና አበባ ሲነካ ቀለማቸውን እንደሚያጠፋ፣ የጠፋውም ቀለም በምንም እንደማይመለስ ልብ አለ። በ1785 ፈረንሳዊው ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ ይህን ለጨርቅ ማንጫ አዋለው። ግኝቱን በንግድ ፈቃድ አላጠረም፤ ለሁሉ ገለጸው። ፓሪስ አጠገብ ዣቬል በሚባል መንደር ፈሳሹ መመረት ጀመረ፤ በ1799 ግላስጎው ላይ ቻርልስ ቴናንት ዱቄት አድርጎ ለማጓጓዝ የሚመች አደረገው። ዛሬ በየሱቁ በረኪና ብለን የምንገዛው የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው።

የወራቱ ሥራ በሰዓታት አለቀ። ጥቅሙን አላቃልልም፤ የድሃ አልጋ ነጭ አንሶላ ያየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኋላም ሆስፒታሎች ከተላላፊ በሽታ የተጠበቁበት ነው። ነገር ግን ክሎሪን እድፍን ከጨርቅ ለይቶ አያውቅም። ሱፍንና ሐርን ያሟሟል፤ ጥጥን ደጋግሞ ሲነካው ያሳሳዋል፤ የዝገት እድፍ ላይ ሲፈስ ደግሞ እድፉን ያጸናዋል እንጂ አያስለቅቀውም። ዝገት የሚወደው አሲድ ነው፤ ሎሚ ያስለቅቀዋል። በረኪና ስንት አንሶላ እንደጨረሰ የመዘገበ የለም፤ ነገር ግን በየቤቱ ጥጉ የሳሳ፣ እጅ ሲነካው የሚተረተር ነጭ ጨርቅ ምስክር ነው።

በዚያው ወቅት አትላንቲክን ተሻግሮ ሌላ ዓይነት ጨርቅ ይሰፋ ነበር። ክዊልት የሚባለው የአሜሪካ የአልጋ ልብስ ሦስት ድርብ ነው፤ ከላይ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ፊት፣ ከመሐል የተነጠፈ ጥጥ፣ ከታች ገበር፣ ሦስቱንም አንድ የሚያደርግ ጥቃቅን የእጅ ስፌት። ለማጠብ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። በአንድ ክዊልት ላይ ሃያ ዓይነት ቀለም ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ሲለቅ ጎረቤቱን ይነክራል። ውኃ የጠጣው ጥጥ ከብዶ ስፌቱን ይበጥሳል። ሲደርቅ ደግሞ ከውስጥ ያለው ያረጀ ቡናማ ቆሻሻ ከውኃው ጋር ወደ ፊት ይወጣና ከመታጠቡ በፊት ያልነበረ እድፍ ይፈጥራል። በ19ኛው መቶ ዘመን ብዙ ቡናማና ጥቁር ጨርቅ ይቀለም የነበረው በብረት ጨው ነው፤ ያ ብረት ጨርቁን ከውስጥ ይበላዋል። ዛሬ በድሮ ክዊልት ላይ ቡናማው ቁራጭ ብቻ ተበልቶ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ብልህ የቤት እመቤት ክዊልቷን እምብዛም አታጥብም ነበር፤ ታራግፈዋለች፣ ታናፍሰዋለች። ልድያ ማሪያ ቻይልድ በ1829 ቦስተን ላይ ያሳተመችው የቆጣቢ እመቤት መጽሐፍ ቀለም እንዳይለቅ የበሬ ሐሞት ያዝዛል። ከፓሪሱ ሽማግሌ እስከ ቦስተኗ ጸሐፊ ከ400 ዓመት በላይ አልፎ ሐሞቱ ቦታውን አልለቀቀም።

ቻይልድ የባርነት ብርቱ ተቃዋሚ ነበረች። በእድፍ ታሪክ ውስጥ ሁለተኛው የነፃነት ሰው ደግሞ ቶማስ ጄኒንግስ ነው። በኒውዮርክ ነፃ ሆኖ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ልብስ ሰፊ ነበር። ደንበኞቹ ውድ ልብሳቸው ሲያድፍ በውኃ ማጠብ ስለሚያበላሸው ይጥሉት እንደነበር ያያል። ራሱ ሞክሮ ያለ ውኃ የሚያጸዳ ዘዴ አገኘ፤ በማርች 3 ቀን 1821 የአሜሪካ መንግሥት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሰጠው። እስከሚታወቀው ድረስ እንዲህ ያለ መብት የተሰጠው የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ነው። ሚስቱ ግን በባርነት የተወለደች ነበረች፤ ገቢውንም ለባርነት ተቃዋሚዎች ትግል አዋለ። በ1836 የፈጠራ መዝገብ ቤቱ ተቃጥሎ የጄኒንግስ ወረቀት አብሮ ጠፋ፤ ዘዴው በትክክል ምን እንደነበር ከዚያ ወዲያ የሚናገር ሰነድ አልተረፈም። ልጁ ኤልሳቤጥ በ1854 ከኒውዮርክ የፈረስ ትራም በጉልበት ስትጣል ቤተሰቡ ከሰሰ፤ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ወጣቱ ጠበቃ ቼስተር አርተር ተከራክሮላት በ1855 ረታች። የአባትየው ሥራ ለሴት ልጁ ሙግት ስንቅ እንደሆነ አምናለሁ።

በፓሪስ ደግሞ ዣን ባቲስት ዦሊ የሚባል ቀለም ነካሪ ነበር። እንደሚተረከው የቤቱ ሠራተኛ የመብራት ዘይት ገበታ ጨርቅ ላይ ስታፈስ፣ የፈሰሰበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ነጽቶ አየ። በዚያ ላይ ተመሥርቶ የደረቅ እጥበት ንግድ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የተጠቀሙባቸው ቤንዚንና መሰሎቹ ቅባት ሲያስለቅቁ ጨርቁን አያረጥቡም፣ አይሰበስቡም፤ ነገር ግን በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። የእሳት አደጋው ንግዱን ለብዙ ዓመታት ተከተለው። በ1930ዎቹ ፐርክሎሮኤትሊን የሚባል የማይቀጣጠል ፈሳሽ ሲስፋፋ ባለሙያዎቹ እፎይ አሉ። እፎይታው ምን ዋጋ እንዳስከፈለ ኋላ እናያለን።

ሐሪየት ፓወርስን ሳልጠቅስ ይህን ዘመን ማለፍ አልችልም። በ1837 በጆርጂያ በባርነት የተወለደች ሴት ናት። በ1886 በዚያው ጆርጂያ ባለችው አቴንስ ከተማ በጥጥ ትርኢት ላይ መጽሐፍ ቅዱስን በ11 ሥዕል የተረከችበትን ክዊልት አቀረበች። አንዲት የሥዕል መምህርት ልትገዛው ብትለምናትም አልሸጥም አለች። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ኑሮ ሲከብድባት ግን በ5 ዶላር ሸጠችው። ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል፣ የያዕቆብ ሕልም በቁርጥራጭ ጥጥ ተሠርተው አሉ። ይህን ጨርቅ ገንዳ ውስጥ ለመንከር የሚደፍር እጅ የለም፤ አይገባምም።

20ኛው መቶ ዘመን እጥበትን ለማሽን አስረከበ። በ1907 የጀርመኑ ሄንክል ፐርሲል የሚባል ዱቄት አወጣ፤ ውስጡ ያለው ፐርቦሬት በሙቅ ውኃ ኦክስጅን እየለቀቀ ያነጣል። ክሎሪን የሚያደርገውን ጉዳት አያደርስም። ግን በ1913 ኬሚስቱ ኦቶ ሮም ያገኘው ነገር ከፐርሲል ይበልጥ ያስደንቀኛል። ሮም ከእንስሳት ጣፊያ አጠገብ ካለው ቆሽት የተወሰደ ኢንዛይም ለልብስ እጥበት አስመዘገበ፤ ዱቄቱ ቡርኑስ ተባለ። የሆድን ሥራ ወደ ገንዳ ማምጣት ነው፤ ልክ እንደ በሬው ሐሞት። ደም፣ እንቁላል፣ ወተት ፕሮቲን ናቸው፤ በሙቅ ውኃ ሲመቱ ይረጋሉ፣ ከክሩ ጋር ይጣበቃሉ። ደም የነካው ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ የሚባለው ለዚህ ነው። ኢንዛይም ግን ፕሮቲኑን ቆራርጦ ይፈታዋል። በ1960ዎቹ ኢንዛይም ያለው ሳሙና ገበያ ሞላ፤ በ1969 የፋብሪካ ሠራተኞች ዱቄቱን ተንፍሰው አስም እንደያዛቸው በሕክምና መጽሔት ተዘገበ፤ ከዚያ በኋላ ኢንዛይሙ በሽፋን እየተጠቀለለ ይጨመር ጀመር። ሠራተኛው ታሞ መፍትሔ መገኘቱ የዚህ ሙያ ያረጀ ልማድ ነው። ስለ ሱፍና ሐር ግን አንድ ቃል፦ ሁለቱም ፕሮቲን ናቸው፤ እንዲህ ያለ ኢንዛይም እነሱንም ይቆርጣል።

አሁን ወደ አድዋ። በ1964 አክሊሉ ለማ የሚባል ወጣት ሳይንቲስት ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠና ወንዝ ዳር ወረደ። ሴቶች ነጠላና ጋቢያቸውን በእንዶድ እያጠቡ ነበር። ከሚያጥቡበት በታች በኩል ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ሰብስቦ የእንዶድ አረፋ ሲያገኛቸው ሞቱ። ከዚያ የተነሣው ጥናት ሕይወቱን ሙሉ ይዞት ሄደ፤ በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የትክክለኛ ኑሮ ሽልማት የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስሙ ይጠራል። ስለ አክሊሉ ሲነገር ይህ ብቻ ይወሳል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ስለ ልብሱም መናገር እፈልጋለሁ።

የእንዶድ ፍሬ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ሲበጠበጥ ሳፖኒን የሚባል ነገር ይለቅቃል። ሳፖኒን የአመድ ውኃ ያለው ብርታት ሳይኖረው አረፋ ይሠራል፣ ቅባት ያነሣል። ልብሱ በእግር ይረገጣል፤ ይለቀለቃል፤ ከዚያ ሣር ላይ ይሰጣል። እዚህ ፀሐይዋ ሌላ ሥራ አላት። የበርበሬ ቅላት ከቅባት ጋር ተጣብቆ የሚቀር ቀለም ነው፤ ቅባቱ በእንዶዱ ከተነሣ በኋላ የቀረውን ቅላት ብርሃን ያፈዝዘዋል። እርድም እንዲሁ ከፀሐይ ጋር አይዘልቅም። ቀይ ወጥ የነካውን ነጠላ አጥቦ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ሰው የሃርለም ሠራተኞች ከሚያውቁት ያነሰ አያውቅም። ይህን እውቀት የፈጠሩት እናቶቻችን ስማቸው በየትኛውም የፈጠራ መዝገብ ላይ የለም። አክሊሉ ያስተዋለው እነሱ ለዘመናት የሠሩትን ነው፤ ያስተዋለበትን ክብር ሳልቀንስ የነሱን ክብር መጨመር እወዳለሁ። ፍሬው መርዛማ ስለሆነ ዓይንና አፍ እንዳይነካ ጥንቃቄ ማድረጉም የዚያው እውቀት አካል ነበር።

የክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ላይ ሙያው ያልታሰበ ውሳኔ ላይ ደረሰ፤ እድፉን መተው። በ1813 ባልቲሞር ውስጥ ሜሪ ፒከርስጊል ከልጇና ከረዳቶቿ ጋር የሰፋችው ትልቅ የሱፍ ባንዲራ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር የተጻፈለት ነው። በ1914 እንዳይበታተን ተብሎ 1.7 ሚሊዮን ያህል ስፌት በተልባ እግር ገበር ላይ ተሰፋበት። በ1998 በዚያው በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ከግድግዳ ወርዶ የጨርቅ ጠባቂዎች በላዩ ተንጋለው ዓመታት ሠሩ። ያን ሁሉ ስፌት አንድ በአንድ ፈቱ። ፊት ማስዋቢያ በሚመስል ደረቅ ስፖንጅ አቧራውን መጠጡ፤ ከዚያ በአሴቶንና በውኃ ቅልቅል በጥንቃቄ ነካኩት። ገንዳ አልገባም። እድፉም ሁሉ አልወጣም። አንዳንዱ እድፍ የጨርቁ ታሪክ ነው፤ ለማውጣት የሚያስፈልገው ጉልበትም ክሩን ይወስደዋል። እንደ አዲስ አስመስሎ ማቅረብ ዓላማቸው እንዳልሆነ ሙዚየሙ ገልጿል። ከ2008 ጀምሮ በደብዛዛ ብርሃን፣ ጋደም ብሎ ለሕዝብ ይታያል።

ወደ ፐርክሎሮኤትሊን እንመለስ። በ1995 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር ሳያስከትል እንደማይቀር መደበው። ካሊፎርኒያ በ2007 በደረቅ እጥበት ቤቶች እስከ 2023 እንዲቀር ወሰነች። በዲሴምበር 2024 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በአገሪቱ ሁሉ በ10 ዓመት ውስጥ ከደረቅ እጥበት እንዲወጣ የሚያዝ ደንብ አወጣ። ደንበኛው ልብሱን የሚለብሰው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ጋዙን ሲተነፍስ የሚውለው ሠራተኛው ነው። ከአዞው ጎረቤት እስከዚህ ድረስ የነበረው አድልዎ ይህ ነው። ብዙ እጥበት ቤቶች ዛሬ በውኃና በለስላሳ ሳሙና፣ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ጥሩ ጨርቅ ማጠብ ጀምረዋል፤ ይህ እንዲስፋፋ የደንበኛው ጥያቄ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሐበሻ ቀሚስዎን፣ የእናትዎን ጥበብ ወይም ከአያት የተወረሰ ጋቢ እጥበት ቤት ይዘው ሲሄዱ፣ ዋሽንግተንም ይሁን አዲስ አበባ፣ ምን እንደፈሰሰበትና መቼ እንደፈሰሰ ይንገሩ፤ በቤትዎ ያደረጉበት ነገር ካለ አይደብቁ። የጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ከውስጥ በኩል፣ በማይታይ ጠርዝ ላይ፣ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ተጭነው አስቀድመው ይፈትኑት። በምን ፈሳሽ እንደሚያጥቡም ይጠይቋቸው። እድፉ አልለቅ ካለ ደግሞ በረኪናውን አያንሡ፤ ይተዉት።